ንጉሥ ሚካኤልና መናገሻቸው ደሴ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የሐረጎን ዳገት ሲጀምር የሜዳውን ሙቀት ከኋላው ይተዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ብርዱ በመስኮት ይገባል፤ ጋቢውን ያልያዘ መንገደኛ በዚህ ጊዜ ይቆጨዋል። ዳገቱ አልቆ ቁልቁል ሲመለከቱ፥ በጦሳ ተራራ ግርጌ በሸለቆ ውስጥ የተዘረጋችው ከተማ ደሴ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፥ ጭጋግ ሸፍኗት የምታረፍድበት ቀን ብዙ ነው።

ስለ አገራችን ጥንታውያን መናገሻዎች በተወራ ቁጥር አክሱም፥ ላሊበላ፥ ጎንደርና አንኮበር ይነሣሉ። ደሴ ግን ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። ተማሪው የሚያውቃት የትምህርት ቤት ከተማ አድርጎ ነው፤ ነጋዴው የገበያ፥ ሾፌሩም የማደሪያ ከተማ አድርጎ ያውቃታል። ይሁን እንጂ ይህች ከተማ ዘውድ የጫነ ንጉሥ የተቀመጠባት፥ የወሎና የትግራይ መናገሻ የነበረች ናት። ንግሥናው የቆየው ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ያህል ብቻ ስለሆነ ከብዙ ሰው አእምሮ ቢጠፋ አያስደንቅም። መናገሻ ያደረጓት ሰው ንጉሥ ሚካኤል አሊ ሲሆኑ፥ ሕይወታቸውን የተከታተለ ሰው ደሴን ብቻ ሳይሆን መላውን ወሎን ይረዳል።

ንጉሥ ሚካኤል የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በወረ ሂማኖ ነው። በሕፃንነታቸው የተሰጣቸው ስም መሐመድ አሊ ነበረ። አባታቸው ኢማም አሊ አባ ቡላ ይባሉ ነበር። ቤተ ሰቡ ማመዶች በመባል የሚታወቀው የእስላም ባላባት ወገን ሲሆን፥ አገሩን ለብዙ ትውልድ በኢማምነት ማዕረግ ሲገዛ የኖረ ነው። መሐመድ አሊም በስተኋላ ኢማም ተብለው የአባታቸውን ማዕረግ ያዙ።

ያደጉበት ዘመን ለወሎ ክፉ ዘመን ነበረ። አገሩ በሸዋና በትግራይ መካከል የተዘረጋ በመሆኑ፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድም ሆነ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚወጣ ጦር ሁሉ ወሎን ይረግጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደጋግመው ዘመቱበት፤ በኋላም መቅደላን ምሽጋቸው አድርገው ሕይወታቸው በ1860 ዓ.ም. በዚያው አምባ ላይ አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ጦር አልበቃ ብሎ የወሎ ባላባቶች እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። የአንዱ ቤት ሲነሣ የሌላው ይወድቃል። ወጣቱ መሐመድ አሊ ያደጉት እንግዲህ አንድ ባላባት ብቻውን የማይቆምበትን፥ ወዳጁን አስተውሎ መምረጥ ያለበትን ጊዜ እያዩ ነው።

የሕይወታቸው ታላቅ መታጠፊያ የመጣው በ1870 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዛሬ ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተው ነበር። በጉባኤው ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ለብዙ ዘመን የቆየው የልደት ክርክር በተዋሕዶ ወገን አሸናፊነት እንዲዘጋ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እስላሞች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ክርስትና እንዲነሡ፥ ሹማምንት የሆኑት ግን ፈጥነው እንዲጠመቁ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ የሚያዝ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ አንድ መንግሥት በአንድ ሃይማኖት ይጸናል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነታቸው ግን በወሎ ቤት ሁሉ ሐዘን አስገባ።

ኢማም መሐመድ አሊ ተጠመቁ። የክርስትና አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ፤ ስማቸው ሚካኤል ተባለ፤ የራስነት ማዕረግም ተሰጣቸው። ተቀናቃኛቸው የነበሩት ኢማም አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተብለው ክርስትናውን ሲነሡ የክርስትና አባታቸው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። እንዲህ ሁለቱ የወሎ መሪዎች በአንድ ሰሞን ስማቸውንም ሃይማኖታቸውንም ለወጡ።

ይህን ነገር ዛሬ የሚያነብ ወጣት በሁለት በኩል ሊፈርድ ይችላል። አንዱ ሹመቱን ለማትረፍ ሃይማኖቱን ሸጠ ይላል፤ ሌላው በሰይፍ ፊት የቆመ ሰው ምን ያድርግ ይላል። በልባቸው የነበረውን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። እኛ ልናይ የምንችለው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ትእዛዙን ያልተቀበለው ሕዝብ ብዙ ነበርና ዐመፅ ተነሣ፤ ከዐመፁ መሪዎች አንዱ ስመ ጥሩው ሼኽ ጦልሐ ጃዕፈር ነበሩ። የገዛ ወገናቸውን የመግዛትና የንጉሠ ነገሥቱን ትእዛዝ የማስፈጸም ዕዳ በራስ ሚካኤል ትከሻ ላይ ወደቀ። በወሎ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ብዙ ሰውም ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ራስ ሚካኤል አዲሱን ሃይማኖታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዉም፤ አብያተ ክርስቲያናትንም አሠርተዋል። ነገር ግን ከእስላም ዘመዶቻቸው ጋር የነበራቸውን የሥጋ ዝምድና አልቆረጡም። በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ አሊም ሚካኤልም መባል ለወሎ ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው፤ የራስ ሚካኤል ስም ከነአባታቸው ሲጠራ ይህንኑ ይናገራል።

ደሴ የሚለው ስም የወጣውም በዚሁ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ነው ይባላል። እንደሚነገረው ንጉሠ ነገሥቱ በ1875 ዓ.ም. በዚያ ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ታየ። እርሳቸውም ይህን እንደ መልካም ምልክት ቆጥረው፥ ልባቸው ደስ ስላለው፥ ቦታውን ደሴ ብለው ሰየሙት። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር በፀሐይ ብርሃን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደ ነበረ በውጭ አገር የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ጽፈውታል። ራስ ሚካኤል አስቀድሞ በመቅደላ አቅራቢያ በምትገኘው በተንታ ይቀመጡ ነበር፤ በኋላ ግን ደሴን ዋና ከተማቸው አደረጓት። ምርጫው ብልህነት ነበረው። ተንታ በገደል የተከበበች የመሸሸጊያ አገር ናት፤ ደሴ ግን ከሸዋ ወደ ትግራይ በሚያልፈው መንገድ ላይ፥ ከአፋር ቆላ ከሚወጣው የንግድ መንገድም ብዙ ሳትርቅ የተቀመጠች ናት። ምሽግን ትቶ መንገድን የመረጠ ገዥ ጦርን ብቻ ሳይሆን ገበያንም አስቦ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከወደቁ በኋላ ራስ ሚካኤል ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። በዚያው ዓመት ከኢጣልያ ጋር የተደረገው ውል የተፈረመባት ውጫሌም ከደሴ በስተ ሰሜን በወሎ ምድር የምትገኝ ናት። ዐፄ ምኒልክ የራስ ሚካኤልን ወዳጅነት በጋብቻ አጸኑት፤ ልጃቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋን ዳሩላቸው። ከዚህም ጋብቻ በ1887 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተወለዱ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ብዙ ሳይቆዩ ስለሞቱ፥ ሕፃኑ የአያቱም የአባቱም ተስፋ ሆኖ አደገ።

ልጁ በተወለደ በዓመቱ የውጫሌ ውል ጣጣ ጦርነት አመጣ። ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ ዘማቹ እንዲሰበሰብ የታዘዘው በወረ ኢሉ ነበርና ወሎ የዘመቻው በር ሆነ። በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ የተባሉት ራስ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ በተደረገው ውጊያ ተካፈሉ። የካቲት 23 ቀን በአድዋ ደግሞ ፈረሰኞቻቸው ስማቸውን አስጠሩ። የጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር ከሌሎቹ ተለይቶ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ሲገባ፥ የወሎ ኦሮሞ ፈረሰኞች ከሌላው የኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ሆነው ከበው ደመሰሱት፤ ጄኔራሉም በዚያው ወደቀ። በዚያ ቀን ከራስ ሚካኤል ኋላ ከተሰለፉት መካከል ክርስቲያኑም እስላሙም ነበረ። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ አሥራ ስምንት ዓመት ያህል በኋላ፥ በሃይማኖት የተለያየው የወሎ ሰው ለአንድ አገር አብሮ ሞተ።

ከድሉ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለደሴ የዕድገት ዓመታት ነበሩ። ራስ ሚካኤል በኮረብታ ላይ ግቢያቸውን አሠሩ፤ በከተማይቱም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በስማቸው ይጠራል። ከሁሉ ይልቅ ዝናው የቆየው ግን የግብር አዳራሻቸው ነው፤ ስሙም አይጠየፍ ይባላል።

ስለዚህ ስም ጥቂት ማሰብ ይገባል። በአገራችን ልማድ የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ልዩ ነው፤ አንዱ በባረከው ሌላው አይበላም። ስለዚህ ግብር ማግባት የሹም ሁሉ ግዴታ ሆኖ ሳለ፥ በወሎ ግን ግብር ማግባት ሕዝቡን ለሁለት መክፈል ሊሆን ይችል ነበር። ደግሞም በየቤተ መንግሥቱ ግብር መኳንንቱና ድኻው፥ ባለማዕረጉና ባለእጁ እኩል አይታዩም። አዳራሹ አይጠየፍ የተባለው፥ ሀብታም ከድኻ፥ ክርስቲያን ከእስላም ሳይባል ሁሉ ገብቶ የሚስተናገድበት ስለሆነ ነው ተብሎ ይነገራል። ሃይማኖት እንደየወጉ ይጠበቃል፤ ጣሪያው ግን አንድ ነው። በቦሩ ሜዳ ሕዝቡን አንድ ለማድረግ የታሰበው በትእዛዝ ነበረ፤ አልሆነምም። በደሴ ግን ያው ሕዝብ ልዩነቱን እንደያዘ በአንድ አዳራሽ ተቀመጠ። በትእዛዙ ጊዜ ስማቸውን የለወጡት ሰው ይህን አዳራሽ ማሠራታቸው፥ ከደረሰባቸው ነገር አንድ ትምህርት እንደ ቀሰሙ ያስረዳል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበረ። ዐፄ ምኒልክ ታመው በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። እንደራሴ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ፥ ወጣቱ ወራሽ ያለ ሞግዚት ቀሩ፤ ከኋላቸው የቆመው ዋናው ኃይል የአባታቸው ጦር ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ልጅ ኢያሱ አባታቸውን ከፍ አደረጉ። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል በደሴ ዘውድ ጭነው የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተባሉ። በልጅነታቸው ኢማም መሐመድ አሊ የተባሉት ሰው ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ፤ ደሴም መናገሻ ሆነች።

ነገር ግን ይህ ዘውድ በደሴ ላይ የቆመ አልነበረም። የቆመው አዲስ አበባ ባለው የልጃቸው ሥልጣን ላይ ነበረ። ልጅ ኢያሱ ወጣት ነበሩ፤ ከመናገሻው ርቀው መዞር ያዘወትሩ ነበር፤ የሸዋን መኳንንት አስቀየሙ። በሐረርና በሱማሌ በኩል ያለውን እስላም ለማቅረብ ያደረጉት ሁሉ ከክርስትና ወጡ ተብሎ ተተረጐመ። በእውነት ሃይማኖት ለውጠው ነበር ወይስ ሁሉንም ሕዝብ የማቅረብ ሐሳብ ነበራቸው የሚለውን ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በመስቀል ዕለት፥ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ የዐፄ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ተባሉ።

ወሬው ደሴ ሲደርስ ንጉሥ ሚካኤል ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት አልፎ ነበር። በዚህ ጊዜ የነበረባቸውን ምርጫ ማመዛዘን ያስፈልጋል። በደሴ ቢቀመጡ ልጃቸው ብቻውን ይጠፋል። ቢዘምቱ ከአድዋ ጓደኞቻቸው ጋር ይዋጋሉ። ከዚህም ሌላ በነገሩ ውስጥ ሌላ ልጅ ነበረች። የሴት ልጃቸው የወይዘሮ ስህን ልጅ ወይዘሮ መነን በ1903 ዓ.ም. ራስ ተፈሪን አግብታ ነበር። ስለዚህ ንጉሥ ሚካኤል ለወንድ ልጃቸው ሲዘምቱ፥ የሚዘምቱት በልጅ ልጃቸው ባል ላይ ነበረ። እርሳቸው ግን የአባትነትን ነገር አስቀድመው ክተት አሉ።

የወሎ ጦር ወደ ሸዋ ወረደ። ጥቅምት 9 ቀን በቶራ መስክ በተደረገው ውጊያ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ድል አደረገ፤ ራስ ልዑልሰገድም ወደቁ። ከስምንት ቀን በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና ከራስ ተፈሪ ጦር ጋር ተገናኙ። ከአድዋ ወዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ በኢትዮጵያ ምድር ያን ያህል ሰው የተሰለፈበት ጦርነት አልተደረገም። ሃያ ዓመት አስቀድሞ በአንድ ወገን ቆመው የተዋጉ ሰዎች በዚህ ቀን ፊት ለፊት ተገዳደሉ። የሸዋ ጦር አሸነፈ፤ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። የዘመቱለት ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ለውጊያው አልደረሱም፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ ወደ ወሎና ወደ አፋር በኩል ሸሹ።

የአድዋው ጀግና በአዲስ አበባ በጃንሜዳ በድል ሰልፍ ላይ በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት ቀረቡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በግዞት ቆይተው በ1910 ዓ.ም. ማለቂያ በሆለታ ዐረፉ። በደሴ የተጫነው ዘውድ በደሴ አልተወረሰም። ልጅ ኢያሱም በየበረሃው ሲንከራተቱ ኖረው ተያዙ፤ ከብዙ ዓመት እስራት በኋላ በ1928 ዓ.ም. ሞቱ።

የንጉሥ ሚካኤል ቤት ግን ጨርሶ አልጠፋም። በወንድ ልጃቸው በኩል የተጠበቀው በሴት ልጃቸው በኩል መጣ። ወይዘሮ መነን በ1923 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ዘውድ ጭነው እቴጌ ተባሉ። የእቴጌ መነን ልጅ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንም የወሎ ገዥ ሆነው በደሴ ተቀመጡ። በሰገሌ የወደቁት ንጉሥ የልጅ ልጅ ልጅ፥ በሰገሌ ያሸነፉት ሰው ልጅ ሆኖ፥ የቅድመ አያቱን ከተማ ገዛ። የወይዘሮ ስህን ስም ደግሞ በደሴ ትምህርት ቤት ላይ ተጽፎ ብዙ ትውልድ ተማረበት። በዚያ ትምህርት ቤት ደጃፍ ካለፉት ተማሪዎች መካከል የስሙን ባለቤት የንጉሥ ልጅነት ያወቀው ስንቱ ይሆን?

ዛሬ ደሴን ለማየት የሚሄድ ወጣት ብዙ ነገር ያገኛል። በሸዋ በር የአዛን ድምፅ ይሰማል፤ ከመድኃኔ ዓለም በኩል ደወሉ ይሰማል፤ ገበያው መሐመድንም ኃይለ ማርያምንም በአንድ መደብር ያገናኛል። አይጠየፍም በኮረብታው ላይ ቆሟል። ሁሉ ነገር ግን ከአደጋ የተጠበቀ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ከተማይቱ ተይዛ በነበረች ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ አባቶች ያቆዩት ቅርስ በጥቂት ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል።

ለሹመት የሚዘጋጅ ተማሪም ሆነ በቅርብ የተሾመ ወጣት ከዚህ ሰው ሕይወት የሚማረው ቀላል ነው። ንጉሥ ሚካኤል ብዙ ነገር ከላይ ተሰጥቷቸዋል፤ ስም፥ ማዕረግ፥ ዘውድ። ከላይ የተሰጠው ሁሉ ሰጪው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ከታች፥ ከወሎ ሕዝብ ጠባይ ተነሥተው ያቆሙት ግን ከእርሳቸው በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ይኸውም ከተማቸው ደሴና ማንንም የማይንቀው አዳራሻቸው ነው። ሹም የሆነ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከወንበሩ ይነሣል። በዚያ ቀን ሕዝቡ የሚጠይቀው ስንት ማዕረግ ነበረው ብሎ አይደለም፤ በደጁ ያልተጠየፈው ማን ነበረ ብሎ ነው።